ምላጩ አዲስ ነው?



በዒድ ዋዜማ በፀጉር ቤት በር ላይ የሚታየውን ሰልፍ የማያውቅ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም። አባቶች ወንዶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ወጣቶች በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፀጉር ቁርጥ ፎቶግራፍ እየመረጡ ተራ ይጠብቃሉ። ወሬው ስለ በግ ዋጋና ስለ ጨረቃዋ መታየት ነው። ባለፈው የዒደል ፊጥር ዋዜማ እኛም ከነዚያ ተራ ጠባቂዎች መካከል ነበርን። ከእኛም ጋር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ።

ከልጁ ቀድመው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። አስተካካዩ ፀጉራቸውን በቶንዶስ ካነሣ በኋላ ማጅራታቸውንና የጆሯቸውን ዙሪያ በምላጭ ያጠራ ጀመር። በዚህ መሐል ቆዳቸው ጥቂት ተቆረጠና ደም ብቅ አለ። አስተካካዩ በጥጥ ጠረገላቸው፤ አልኮልም ነካ አደረገበት። ሰውዬው "ምንም አይደል ልጄ" ብለው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ "ዒድ ሙባረክ" ተባብለን ወጡ። ተራው የልጁ ሆነ። አስተካካዩ ያንኑ መላጫ አነሣ፤ አልኮል ረጨበት፤ ክብሪት ጫረበት፤ ሰማያዊዋ ነበልባል ብልጭ ብላ ጠፋች። ከዚያም ወደ ልጁ ማጅራት ተጠጋ።

"ምላጩ አዲስ ነው?" የሚለው ጥያቄ አፋችን ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አልጠየቅንም። ሰዉ ብዙ ነው፤ ሰዓቱ መሽቷል፤ አስተካካዩ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ፣ ሁልጊዜ በሰላምታና በፈገግታ የሚቀበለን ወንድማችን ነው። ይሉኝታ ያዘን። ልጁ ተላጨ፤ ማጅራቱም ላይ ትንሽ ጭረት ወጣበት። ቤት ስንገባ እናቱ ጭረቱን አይታ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ምላጩ አዲስ ነበር?" የሚል ሆነ። መልስ አልነበረንም።

የዚህ ወር ጽሑፋችን የዚያች ያልተጠየቀች ጥያቄ ውጤት ነው።

በዓይን የማይታየው ደም

ምላጭ፣ መርፌና መቀስ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊያሻግሯቸው ከሚችሉ በሽታዎች ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ የጉበት በሽታ አምጪ ቫይረሶች ሔፓታይተስ ቢ እና ሔፓታይተስ ሲ ሲሆኑ ሦስተኛው ኤች አይ ቪ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ሦስተኛውን ነው። ይሁን እንጂ በደም ንክኪ ለመተላለፍ ከሦስቱ ይበልጥ የሚፈጥነው ሔፓታይተስ ቢ ነው። በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደታወቀው፣ ያልተከተበ ሰው ሔፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ደም የተነካ መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ለሔፓታይተስ ሲ ይኸው ዕድል ከ100 ወደ 2 ገደማ፣ ለኤች አይ ቪ ደግሞ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። እርግጥ ምላጭ እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት ሆኖ ደም የሚይዝ ባለመሆኑ አደጋው ያንሳል። ያንሳል እንጂ የለም ማለት ግን አይደለም።

ሁለተኛው ልናውቀው የሚገባ ነገር ሔፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ የሚችል መሆኑ ነው። በመሆኑም "ደሙ እኮ ደርቋል"፣ "ምንም አይታይበትም" የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ለዓይን ንጹሕ የሚመስል ምላጭ ትናንት የነካውን ደም ዛሬ ሊያሻግር ይችላል።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ በሽተኛው ራሱ አለማወቁ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የጉበት በሽታ ሲባል ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ብቻ ይመስላቸዋል። ቫይረሱን የያዘ ሰው ግን ዓይኑ ሳይቀላ፣ ሰውነቱ ሳይከሳ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ሊያድር ይችላል። ጉበቱ ጠባሳ እየያዘ መሄዱን ወይም ካንሰር ማብቀሉን የሚያውቀው ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 ሔፓታይተስ ቢ ያለባቸው 254 ሚሊዮን፣ ሔፓታይተስ ሲ ያለባቸው ደግሞ 50 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከነዚህ በሽታዎች የተነሣ 1.3 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። እነዚያ የተቆረጡት አባት ቫይረሱ ነበረባቸው አንልም፤ ምንም የምናውቀው የለም። ችግሩም ይኸው አለማወቃችን ነው። አስተካካዩም አያውቅም፤ እርሳቸውም አያውቁ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይኑረን። ሔፓታይተስ ቢም ሆነ ሲ በሰላምታ፣ በአንድ ትሪ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን በመስገድ አይተላለፍም። ስለዚህ በሽታው ያለበትን ወንድም ወይም እህት ማግለል በደል ነው። የምንፈራው ስለቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ከግብጽና ከላርካና የምንማረው

"በአንድ መርፌ ምን ያህል ሰው ሊጎዳ ይችላል?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የግብጽን ታሪክ እንነግረዋለን። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የግብጽ መንግሥት የናይልን ገበሬዎች ከቢልሃርዝያ ለማዳን ሰፊ ዘመቻ አካሂዶ ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን አንድ ሰው በተደጋጋሚ መወጋት ነበረበት። መርፌዎቹ የመስታወት ነበሩ። በሚገባ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ገበሬ ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ዘመቻው የተጀመረው በበጎ ሐሳብ ነው። ውጤቱ ግን ከቢልሃርዝያ የዳነው ሕዝብ በሔፓታይተስ ሲ መያዙ ሆነ። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑት ግብጻውያን ከ100 ወደ 15 በሚጠጉት ላይ የቫይረሱ ምልክት በደማቸው ተገኝቷል።

ይሁንና ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ግብጽ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዜጎቿን መረመረች፤ ለተገኘባቸውም በነፃ ሕክምና ሰጠች። ዛሬ ሔፓታይተስ ሲ በጥቂት ወራት በሚዋጥ ክኒን ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑ ታካሚዎችን የሚያድን ሕክምና አለው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብጽን በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ የደረሰች የመጀመሪያዋ አገር ብሎ አወጀላት። በአንድ ያልተቀቀለ መርፌ የተበላሸውን ለማቃናት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የቀረበና ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። በፓኪስታን፣ በሲንድ ክፍለ ሀገር፣ በላርካና አውራጃ ራቶዴሮ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አንድ ሐኪም ትኩሳታቸው አልበርድ ያላቸውን ሕፃናት የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ላኩ። በዚህ ጉዱ ወጣ። እስከ ሰኔ 28 ቀን 2019 ድረስ 30,192 ሰዎች ተመርምረው 876ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከነዚህም 719ኙ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። የአብዛኞቹ እናቶች ሲመረመሩ ነፃ ሆነው ተገኙ። ታዲያ ልጆቹ ከየት አመጡት? መርማሪዎቹ ካገኟቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ መርፌ ነበር። ክኒን ይበቃ ለነበረ ሕመም መርፌ ይወጋል፤ የተወጋበት መርፌ ደግሞ ይደገማል።

ወላጆቹ ምን አጠፉ? ልጃቸው ሲያተኩስ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱ። የትኛችንም ወላጅ የምናደርገውን አደረጉ። ይሁንና መርፌው ከታሸገበት ወረቀት በፊታቸው ሲወጣ እንዲያዩ የነገራቸው አልነበረም። ሊቆጣጠር የሚገባውም አካል ከዚያ ቀድሞ አልደረሰም።

ቁጥጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች የጤና ቁጥጥር ሲባል ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነገር ይመስላቸዋል። በኢስላም ታሪክ ውስጥ ግን ሒስባ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሥራውን የሚመራው ሙሕተሲብ ይባላል። ሙሕተሲብ ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን የምግብ ሻጩን ድስት፣ የሕዝብ መታጠቢያውን ውሃ፣ የሐኪሙንና የወጌሻውን ሥራ ሁሉ ይመለከት ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ለተባሉት አዋቂ ሴት በመዲና ገበያ ጉዳይ ላይ ኃላፊነት ሰጥተዋቸው እንደነበር የሚገልጹ ዘገባዎች አሉ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የኖሩት ዐብዱራሕማን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፈዋል። በውስጡም ስለ መታጠቢያ ቤቶች፣ ስለ ሐኪሞች፣ ደም ስለሚቀዱና ዋግምት ስለሚያደርጉ ሰዎች የተለያዩ ምዕራፎች አሉት። ስለ ፀጉር ላጪው ሲናገሩ ምላጩ የተሳለ እንዲሆን ያዛሉ። አልፎ ተርፎም በሥራው ቀን ደንበኛውን በአፉ ሽታ እንዳያውክ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከመብላት እንዲታቀብ ይመክራሉ። በዚያ ዘመን ስለ ቫይረስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም ስለት ይዞ በሰው ገላ ላይ የሚሠራ ሰው ያለ ተመልካች ሊተው እንደማይገባ ያውቁ ነበር።

ዑለማዎች ሌላም ድንበር አስቀምጠው ነበር። ሙሕተሲብ በግልጽ የሚታየውን እንጂ በሰው ቤት ውስጥ የተሸሸገውን እየሰለለ እንዲያወጣ አልተፈቀደለትም። ይህች ነጥብ ለዛሬው ርዕሳችን ወሳኝ ናት። ተቆጣጣሪው እስከ በር ድረስ ይመጣል። ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ኃላፊነት ነው።

ዛሬስ ተቆጣጣሪው ማነው?

በአገራችን የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ ቁጥጥር ይደነግግ የነበረው አዋጅ ቁጥር 661 ተከትሏል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች መድቦ ስለ ንጽሕና ከቤት ወደ ቤት እንዲያስተምሩ አድርጓል። ስለዚህ ሕግ የለም፣ ተቆጣጣሪም የለም ማለት አንችልም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ተቆጣጣሪ አንድን ፀጉር ቤት የሚጎበኘው በዓመት ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ቀናት ነው። ሲመጣ ወለሉ ይታጠባል፤ ነጭ ጋዋን ይለበሳል፤ ፈቃዱ በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በዒድ ዋዜማ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ምላጩ መቀየር አለመቀየሩን የሚያይ ተቆጣጣሪ ግን የለም። በዚያች ሰዓት በቦታው ያለው ደንበኛው ብቻ ነው። መንግሥት ሕግ ያወጣል፤ ባለሙያው ይፈጽማል፤ ደንበኛው ደግሞ ያያል፣ ይጠይቃልም። ከሦስቱ አንዱ ዓይኑን ሲጨፍን የሁለቱ ልፋት ይጎድላል።

ተቆጣጣሪ የማይደርስባቸው ቤቶቻችን

ፀጉር ቤት እንኳ በር አለው፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበን በየቤታችን የሚሠራው ነው።

የመጀመሪያው የወንዶች ልጆች ኺታን ነው። ገራዡ በአንድ ቀን ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፣ ወይም የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው በአንድ ቀን ሲገረዙ፣ በአንድ ስለት ብዙ ልጆች ሊነኩ ይችላሉ። ኺታን የሚፈጸምበት መሣሪያ ከጀርም ፈጽሞ ነፃ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ ሙቅ ውሃም፣ አልኮልም፣ ሎሚም አይበቃም። በጤና ተቋማት መሣሪያው በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ወይም በደረቅ ሙቀት በ170 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ይህን በቤት ውስጥ የሚያደርግ ገራዥ አናውቅም። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ጤና ተቋም እንውሰድ። ድግሱን በቤታችን ማድረግ እንችላለን። የሴት ልጅ ግርዛት ግን ከነአካቴው ሌላ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ጎጂ ድርጊት ነውና ንጹሕ መሣሪያ ሕጋዊ አያደርገውም።

ሁለተኛው ሒጃማ ወይም ዋግምት ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ወጣቶች በአጭር ሥልጠና ሒጃማ ሲያደርጉ ይታያሉ። ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት በመሆኑ ከፀጉር ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምላጩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ጓንቱ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር መሆን አለበት። ደም የነካው ኩባያ ደግሞ ለሌላ ሰው አይደገምም። "ኩባያውን በሳሙና አጥቤዋለሁ" የሚል መልስ በቂ አይደለም። ሱና ነው ማለት ንጽሕናው ይቅር ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የሴቶች ልጆች ጆሮ መብሳት ነው። በአንድ መርፌ ለእህትማማቾች ሁሉ መብሳት፣ ወይም ከጎረቤት ተውሶ መብሳት የተለመደ ነበር። ይቅርብን። አራተኛው ደግሞ "መርፌ መውጋት እችላለሁ" በሚል የሰፈር ሰው እጅ መወጋት ነው። ራቶዴሮን እናስታውስ። ሐኪም ክኒን ይበቃል ሲል "መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም" ማለታችንንም እንተው።

ምን እንጠይቅ? ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ምላጭ በፊታችን ከወረቀቱ ይውጣ። ፀጉር ቤት ስንገባ "ወንድሜ፣ አዲስ ምላጭ አድርግልኝ" ማለት ስድብ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው የራሳችንን ምላጭ ከሱቅ ገዝተን መያዝ ነው። ያገለገለውም እዚያው ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይጣል፤ ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው እጅ እንዳይቆርጥ።

ሁለተኛ፣ የነበልባሉ ነገር አያታልለን። በአልኮል ላይ ለቅጽበት የሚበራ እሳት ብረቱን በሚገባ አያግለውም። ጥቂት ፀጉር ቤቶች ያላቸው ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ ሣጥንም ቢሆን የጸዳን ዕቃ ለማስቀመጥ እንጂ ያልጸዳን ለማጽዳት አይደለም። ብርሃኑ የሚያገኘው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ ከፀጉርና ከደረቀ ደም ሥር አይገባም።

ሦስተኛ፣ መቀስና የመሳሰለው በማይጣልበት ጊዜ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ በረኪና አያጸዳውምና። ከዚያም በተበጠበጠ በረኪና ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ቀጥሎም በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይበቃል። ብጥብጡ በየቀኑ ይቀየር። የቶንዶሱ ጥርስ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በብሩሽ ይጠረግና በአልኮል ይወልወል። ወደ ቆዳ እንዳይገባም ጫን ተደርጎ አይነዳ። ይህ ሁሉ ለፀጉር ቤት እንጂ ለኺታን መሣሪያ እንደማይበቃ ግን ደግመን እናሳስባለን።

አራተኛ፣ እንከተብ። የሔፓታይተስ ቢ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የልጆቻችንን የክትባት ካርድ አውጥተን እንይ። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ግን አልተከተብንም። ተመርምረን ነፃ ከሆንን መከተብ እንችላለን። ፀጉር አስተካካይ፣ ሒጃማ አድራጊና ጀናዛ አጣቢ የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ከሌላው ሰው ቀድመው ሊከተቡ ይገባል። ለሔፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ መከላከያው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ በሌላ ሰው ስለት ከተቆረጥን ቁስሉን ሳንጨምቅና ሳንመጥ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ እንጠበው። ሳንውል ሳናድርም ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ለሔፓታይተስ ቢም በቶሎ የሚሰጥ ክትባት ይጠቅማል።

ለሐጅ ተጓዦች

ሐጅና ዑምራ ለመሄድ የምትዘጋጁ ወገኖቻችን በተለይ አስተውሉ። በዙልሒጃ 10ኛው ቀን በሚና ቁጥሩ እጅግ የበዛ ሕዝብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፀጉሩን ይላጫል ወይም ያሳጥራል። የሳዑዲ ዓረቢያ ባለሥልጣናት ፈቃድ ያላቸው ፀጉር ላጪዎች ለእያንዳንዱ ሐጃጅ አዲስ ምላጭ እንዲጠቀሙ ያዛሉ። ሆኖም በየመንገዱ ዳር ተቀምጦ "ና ልላጭህ" የሚል ፈቃድ የሌለው ሰው አይጠፋም። አንዳንዴም ሐጃጆች እርስ በርሳቸው በአንድ ምላጭ ይላጫሉ። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ የራሳችሁን ምላጭ ያዙ፤ በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ግን አይፈቀድም። እዚያ ስትደርሱም ፈቃድ ወዳለው ሱቅ ሂዱ፤ ለማንም አታውሱ፤ ከማንም አትዋሱ።

ወደዚያች ፀጉር ቤት ተመልሰን

ከዒድ በኋላ በማግስቱ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እናቱ የክትባት ካርዱን በማኅደር አስቀምጣው ነበርና ሦስቱም ክትባት መሰጠቱ ተረጋገጠ። ሐኪሟ ለቀሪዎቹ ሁለት በሽታዎች ምርመራው በጊዜው መደገም እንዳለበት ነገረችን። ባዘዘችው ቀን ሄድን፤ ነፃ ነው ተባለ። አልሐምዱ ሊላህ! እነዚያን ሳምንታት ግን እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኛ እናውቃለን። በጥያቄ ስንፈራ የተውናት አንዲት ቃል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣችን።

ከዚያም ወደ አስተካካዩ ሄድን። ሰው በሌለበት፣ ጧት፣ ሱቁን ሲከፍት። በሰው ፊት መናገር ምክር ሳይሆን ማዋረድ ይሆናልና። የሆነውን ሁሉ ነገርነው። መጀመሪያ ፊቱ ተለወጠ። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለን፦ "ጋሼ፣ ወላሂ በስድስት ዓመት ሥራዬ ምላጩ አዲስ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ያላየሁት ስለሌለ ችግር ያለ አልመሰለኝም። ቁጥጥር የመጡት ሰዎችም ፈቃዴንና ወለሉን አይተው ነው የሄዱት።"

የአንድ ምላጭ ዋጋ ከአንድ ስኒ ሻይ አይበልጥም። "ይህን ሒሳቡ ላይ ጨምርበት፤ ማንም አይቃወምህም" አልነው። በአካባቢያችን የመስጂዱ ኢማምም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጉዳዩን ለጀመዓው በአጭሩ አነሡት። የማንንም ሱቅ ስም አልጠሩም። "ስትጠይቁ በለሰለሰ ቃል ጠይቁ፤ ስትጠየቁም አትቆጡ" አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ፀጉር ቤቱ ስንሄድ ወጣቱ ወንድማችን ወረቀቱን በፊታችን ቀደደና "ይኸው፣ አዲስ ነው" አለ፤ ሳንጠይቀው።

ውድ ወላጆች! መጪው ዒድ ሲደርስ እንደገና ሰልፍ ይኖራል። እንደገናም ይሉኝታ ይመጣል። ልጃችሁ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያቺን አጭር ጥያቄ ጠይቁ። ወጣቶችም ብትሆኑ ጠይቁ፤ ታናናሾቻችሁ ከእናንተ ይማራሉና። ፀጉር አስተካካይ የሆናችሁ ወንድሞቻችንም ሳትጠየቁ አሳዩ፤ የምታገኙት አመኔታ ከምላጩ ዋጋ ይበልጣል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ድረስ አላህ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።